ጢሱና እሳቱ፤ ስለ ውበት ዋጋ

ከባሕር ዳር ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ረጋ ብሎ ሲጓዝ ይቆይና በድንገት ከጥቁር የእሳተ ገሞራ ዓለት አፋፍ ላይ ወደ ገደል ይወረወራል። የፏፏቴው ቁመት ወደ 40 ሜትር ይጠጋል፤ ክረምት ሞልቶ በሚወርድበት ጊዜ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ከሥሩ ውኃው ራሱ ሲቆፍረው የኖረ ጥልቅ ኩሬ አለ፤ ከኩሬው ወዲያ ወንዙ ከጠባብ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ ይሰወራል። ከሩቅ ለሚመጣ መንገደኛ አስቀድሞ የሚታየው ከገደሉ የሚነሣው የውኃ ብናኝ ነው፤ ነጭ ሆኖ እንደ ጢስ ከሰማይ በታች ይቆማል። የአገሩ ሕዝብ ቦታውን ጢስ እሳት፣ ጢስ ዓባይ ሲል የሰየመውም ስለዚህ ነው።

ስሙ ራሱ ጥያቄ ያዘለ ነው። ተረቱ እሳት በሌለበት ጢስ አይነሣም ይላል። በዚህ ገደል ግን ጢሱ ያለ እሳት ለብዙ ዘመናት ሲነሣ ኖረ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት እሳቱ መጣ፤ ውኃው ተርባይን አዞረ፣ ብርሃንም ሆነ። እሳቱ እየበረታ በሄደ ቁጥር ጢሱ እየሳሳ ሄደ። እንግዲህ ወደ ፏፏቴው የሚወርድ ሰው ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የሚወርደው ወደ አንድ የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ለመሆኑ ሰው ለሚያስፈልገው ጥቅም ሲል ውበትን ቢሠዋ በደል ፈጽሟል ሊባል ይቻላልን? አልፈጸመም ከተባለስ፣ ለሠዋው ነገር ያለበት ዕዳ የለምን?

ጥያቄውን በቅጡ ለመያዝ ከጥንቶቹ እንግዶች መጀመር ይበጃል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ1625 እስከ 1634 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ፣ ከፏፏቴው ሥር በዓለቱና በሚወርደው ውኃ መካከል ተቀምጦ ከሐሩር ማረፉን፣ ከዚያም ሆኖ ቀስተ ደመናዎችን ማየቱን ተርኳል። ትረካው በ1728 በፈረንሳይኛ፣ በ1735 ደግሞ በደራሲው ሳሙኤል ጆንሰን ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ ታተመ። በ1770 ከቦታው የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ሎቦን ከመቃብሩ ውስጥ ሳለ ከሰሰው። የክሱም ፍሬ ነገር፣ ከፏፏቴው ሥር ያለው ኩሬ እስከ ገደሉ ግርጌ ድረስ ሞልቶ የሚሽከረከር ስለሆነ ማንም ሰው ከተባለው ቦታ ሊደርስ፣ ደርሶም ሊቀመጥ አይችልም የሚል ነበር።

የዓባይን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሙግት ያን ያህል አያስጨንቅም። በበጋ ውኃው ሲያንስ ዓለቱ ይገለጣል፣ ኩሬውም ይረጋል፤ በክረምት ደግሞ ያ ሁሉ በአንድ ደፍራሽ መጋረጃ ተሸፍኖ ለዓይን እንኳ ይከብዳል። ምናልባት ሁለቱም ያዩትን ተናግረው ይሆናል። ልዩነቱ የወቅት ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው እንግዳ የአንድ ቀን ዓይኑን የዓመት ምስክር ባደረገ ጊዜ ነው። ያየው ፏፏቴ አንድ ቀን ነበረ፤ የፈረደው ግን በወንዙ ባሕርይ ላይ ነው። በዳር የሚኖረውን ገበሬ፣ ወንዙን በታንኳ የሚሻገረውን ሰው ቢጠይቅ ኖሮ ክርክሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ባለቀ ነበር።

ስለዚህ ነዋሪ የተጻፈ ሌላ ታሪክም አለ። ጥንታውያን የሮም ጸሐፊዎች፣ ከእነርሱም መካከል ኪኬሮ፣ በዓባይ ፏፏቴ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ከድምፁ ብርታት የተነሣ የመስማት ኃይላቸውን አጥተዋል ብለው ነበር። ነገሩ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ ኖረ። ሎቦ ግን ከጢስ እሳት አካባቢ ሰዎች ጋር ተነጋግሮ እነርሱም እርሱን፣ እርሱም እነርሱን በደንብ መስማታቸውን መስክሯል። ደንቆሮ የተባሉት ሰዎች ጠያቂ ያጡ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ይህ ትንሽ ታሪክ ከዘመኑ አልፎ የሚሄድ ትምህርት አለው። ስለ አንድ ቦታ ከሩቅ የሚፈርድ፣ ፍርዱ በአድናቆትም ይሁን በጥቅም፣ የቦታውን ሰው አስቀድሞ ደንቆሮ ማድረግ ይቀናዋል። ምክንያቱም ደንቆሮ አይጠየቅም።

ከዚህ በኋላ ወደ እሳቱ መምጣት ተገቢ ነው። በ1961 ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ባሕር ዳር ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። ለፋብሪካውና ለከተማው ኃይል እንዲሰጥ የተሠራው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ጣቢያ በ1964 ሥራ ጀመረ፤ ጉልበቱ ከ12 ሜጋዋት ያልበለጠ ስለ ነበር ከወንዙ የሚወስደው ውኃም መጠነኛ ነበር። ፏፏቴውና ፋብሪካው ከ30 ዓመት በላይ ተቻችለው ኖሩ። በ1996 ከጣና መውጫ ላይ የጨረጨራ የውኃ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። በ2001 ደግሞ 73 ሜጋዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ሥራ ሲጀምር፣ ውኃው ከገደሉ አፋፍ በላይ በቦይ እየተወሰደ ከፏፏቴው በታች ከወንዙ ይቀላቀል ጀመር። በ2010 የተመረቀው 460 ሜጋዋት የጣና በለስ ጣቢያ ከዚህም አልፎ ሄደ፤ ከሐይቁ ውኃ ወስዶ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም መሿለኪያ ወደ በለስ ወንዝ ይጥለዋል። በለስም ከዓባይ የሚገናኘው በታችኛው ቆላ፣ ወደ ሱዳን ድንበር ተጠግቶ ነው። በዚያ በኩል የሄደ ውኃ ጢስ እሳትን አያያትም።

በመሆኑም በበጋ ወራት ወደ ገደሉ የሚወርድ ጎብኚ በታወቀው ሥዕል ላይ ያየውን ሰፊ መጋረጃ ትቶ፣ በዓለቱ ጎን ተለያይተው የሚወርዱ ቀጫጭን ክሮች ያገኛል። ብሩስ ሰው አይደርስበትም ያለው ኩሬም ያን ጊዜ ረግቶ፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ ዋናተኛን ይጋብዛል። ከገደሉ ቁልቁለት ወርዶ የደከመ እንግዳ ልብሱን አውልቆ ይገባበታል፤ ይቀዘቅዛል፤ ደስ ይለዋል። በዚህ ደስታ ውስጥ ምንም ነውር የለም። ነገር ግን ለምን እንዲህ በቀላሉ ሊዋኝ እንደ ቻለ ቢጠይቅ፣ የዋናው ምቾት ከወንዙ የጎደለው ውኃ መለኪያ መሆኑን በተረዳ ነበር። ፏፏቴው ሙሉ ቢሆን ኖሮ ኩሬው ባላስገባው። እንግዳው የሚንሳፈፈው በአንድ ትልቅ ነገር ጉድለት ላይ ነው።

ዋና ራሱ ለእንግዳና ለባለአገር አንድ ነገር አይደለም። በጣና ዙሪያ ያለ ውኃ የቢልሃርዚያ በሽታ የሚገኝበት ነው፤ በሽታውን የሚያስተላልፉት ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች በዝግተኛ ውኃ ዳር ይራባሉ። እንግዳው ይህን ከጉዞ መጽሐፉ አንብቦ ዋናውን ሊተወው ወይም አንድ ጊዜ ደፍሮ ሊመለስ ይችላል። በወንዙ ዳር ለምታድግ ልጅ ግን ውኃው የምትቀዳው፣ ልብስ የምታጥብበት፣ ከብት የምታጠጣበት ነው። ለአንዱ የአንድ ሰዓት ጨዋታ የሆነው ለሌላዋ ዕለት ዕለት የሚገባበት ኑሮ ነው። ውበት አለ ሲባል ለማን፣ በየትኛው ሰዓት፣ በምን ዋጋ ተብሎ መጠየቅ ያለበትም ከዚህ የተነሣ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ወገኖች ሲከራከሩ ኖረዋል። የመጀመሪያው ወገን፣ ተፈጥሮ ያበጀችውን እንዲህ ያለ ድንቅ ነገር መንካት ነውር ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ በጨለማ ለሚኖር ሰው የፏፏቴ ውበት ቅንጦት ነው፤ ጢስ አይበላም፣ ጢስ አያበራም ሲል ይመልሳል።

የሁለተኛውን ወገን ቃል አቃልሎ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ኤሌክትሪክ ማለት የሌሊት ተረኛዋ ሠራተኛ የምትፈትልበት ማሽን፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት ማቀዝቀዣ፣ የተማሪው መብራት ነው። ስለ ፏፏቴው የተጻፈ ግጥም እንኳ በማታ የሚነበበው በዚያው ብርሃን ነው። ውኃ ሳይቀዳ፣ እንጨት ሳይለቅም፣ በኩራዝ ሳይጨናበስ ያደገ ሰው ለሌላው፣ አንተ በጨለማ ተቀመጥ፣ እኔ በዓመት አንድ ጊዜ መጥቼ ልይልህ ሊል ምን መብት አለው? የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረት ከምሬት የተወለደ ነውና፣ ያ ምሬት እንዲቀር የተደረገን ጥረት ሁሉ በውበት ስም መኮነን የደላው ሰው ፍርድ ይሆናል።

ሆኖም ሁለተኛው ወገን ውበትን ቅንጦት ሲል ይሳሳታል። ጢስ እሳት የሚለውን ስም ያወጣው ጎብኚ አይደለም። ከሞፈርና ከቀንበር ቀና ብሎ፣ ነጩን ጭጋግ አይቶ፣ ከእሳት ጋር አነጻጽሮ የሰየመው የአገሩ ሰው ነው። ያ ስም በሁለት ቃል የተቋጠረ ግጥም ነው። ደሃ ውበትን አያይም የሚል ሁሉ ይህን ስም ሊያስተባብል ይገባዋል። ፏፏቴው የሚሰጠውም ለዓይን ብቻ አይደለም። ከሥሩ ያለው አረንጓዴ የሚለመልመው ከብናኙ በሚያገኘው እርጥበት ነው። ገደሉ የታችኛውን ወንዝ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ አግዶ ስለ ኖረ፣ በጣና ውስጥ ባርበስ ከተባለው ወገን 15 ያህል ልዩ ልዩ ትላልቅ ዓሦች ለብቻቸው ሊፈጠሩ ችለዋል፤ በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። ገደሉ በላዩ ላይ አንድ ዓለም የጠበቀ ግንብ ነው። ይህን ሁሉ በሜጋዋት ብቻ መስፈር አይቻልም።

ታዲያ ሁለቱ ወገኖች ሊታረቁ ይችላሉን? ዕርቅ የሞከሩ አገሮች አሉ። ዩናይትድ ስቴትስና ካናዳ በ1950 በናያጋራ ወንዝ ላይ ውል ተዋዋሉ። በውሉ መሠረት በጎብኚዎች ወቅት፣ በቀኑ ሰዓት፣ በሰከንድ ከ2,800 ሜትር ኩብ የማያንስ ውኃ በፏፏቴው ላይ እንዲወርድ ተወሰነ። በሌሊትና በብርድ ወራት ግን ግማሹ ብቻ እንዲወርድ፣ ከዚያ የተረፈው ለኤሌክትሪክ እንዲሆን ተፈቀደ። ማየት መብት መሆኑን በሕግ መቀበል ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ውሉ አንድ ነገር ያጋልጣል፤ ውበትን በተመልካቹ ሰዓት ሰፍሮታል። ሰው ሲመጣ ይከፈታል፣ ሰው ሲተኛ ይቀነሳል። ለእንግዳ ብቻ የሚለበስ ልብስ እንደማለት ነው። በጢስ እሳት ላይ እንዲህ ያለ ውል ቢደረግ፣ ከብናኙ የሚለመልመው ዛፍና በዳር የሚኖረው ገበሬ የጎብኚን ሰዓት አያውቁምና ውሉ ለእነርሱ ምንም አይነግራቸውም።

ዕርቅ ያልሞከሩም አሉ። በብራዚልና በፓራጓይ ድንበር፣ በፓራና ወንዝ ላይ የነበረው የሴቴ ኬዳስ ፏፏቴ በ1982 በኢታይፑ ግድብ ሐይቅ ሥር ሰጠመ። ከመስጠሙ በፊት ለስንብት የጎረፈው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር። በዚያው ዓመት በጥር ወር በፏፏቴው ላይ የነበረ የእግረኞች ድልድይ ተሰብሮ ከ30 በላይ ሰዎች አለቁ። ታላቁ የብራዚል ባለቅኔ ካርሎስ ድሩሞንድ ጂ አንድራጂም የስንብት ግጥም ጽፎ በጋዜጣ አወጣ። ግድቡ ለሁለት አገሮች ብርሃን መስጠቱ አይካድም። ልብ የሚነካው ሌላው ነገር ነው፤ ከስንብቱ ጎብኚዎች ብዙዎቹ ፏፏቴው እንደሚጠፋ ባይሰሙ ኖሮ ምናልባት ባልመጡም ነበር። ፍቅር ከቀብር በፊት አንድ ቀን ሲደርስ አድናቆት ይባል ይሆናል፤ ኃላፊነት ግን ሊባል አይችልም።

ከነዚህ ምሳሌዎች የሚገኘውን ፍሬ ነገር ለመረዳት ከገበሬው ደጅ አንድ ምሳሌ ማምጣት ይበቃል። ልጁ የታመመችበት ገበሬ ለሕክምናዋ ሲል ከጥማዱ አንዱን በሬ ይሸጣል እንበል። ልጅቱ ትድናለች። ገበሬው በደል ፈጽሟልን? በፍጹም። እንዲያውም በሬውን ሳይሸጥ ቢቀር በደለኛ በሆነ ነበር። ነገር ግን የእርሻ ወራት ሲደርስ አንዱ በሬ ያለ ጓደኛ በበረት ቆሞ ይታያል። ገበሬው ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ሊፈልግ፣ ተራ ሊጠብቅ፣ መሬቱንም አርፍዶ ሊያርስ ግድ ይሆንበታል። ስም የነበረው፣ ድምፁን የሚያውቅ በሬ ከቤቱ ወጥቷል። ይህ ሰው፣ ምንም አልጎደለብኝም፣ በሬ ምን ይረባል ብሎ ቢናገር ጎረቤቶቹ ምን ይሉታል? ትክክል የሆነ ኪሣራም ኪሣራ ነው። ትክክለኛነቱ ኪሣራውን አይሰርዘውም። ያጣውን ነገር በስሙ የሚጠራ ሰው ሌላ በሬ ለመግዛት ያስባል፤ ምንም አላጣሁም የሚል ግን ሁለተኛውንም ሸጦ ሊጨርስ ይችላል።

በጢስ እሳት ላይ የሚነሣውም የሥነ ምግባር ጥያቄ ከዚህ ላይ ያርፋል። ውኃውን ወደ ተርባይን መምራት በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ለሕዝብ የሚያስፈልግ ብርሃን ወጥቶበታል። በደል የሚሆነው ምንም እንዳልጠፋ መናገር ነው። መሥዋዕት መሥዋዕት ተብሎ ሲጠራ፣ ስንት ውኃ ለብርሃን ስንት ውኃ ለገደሉ ይቅር የሚል ምክር ይከተላል፤ ለጎብኚ ጀልባ እየቀዘፈ፣ መንገድ እየመራ፣ ጋቢና ቅል እየሸጠ የኖረው ሰው እንጀራው ሲቀንስ ምን ይካስ የሚል ጥያቄ ይነሣል። መሥዋዕቱ ቅንጦት ተብሎ ከተጠራ ግን ምክሩም ካሣውም አይመጡም። ለጠፋ ቅንጦት የሚከፍል የለምና።

የስም ጉዳይ ከተነሣ ዘንድ ይህ የኪነት ሰው ጉዳይ ነው። ከ1976 ጀምሮ በታተመው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ጢስ እሳት ነበረች። ወደ ገደሉ ወርዶ የማያውቅ የአገሪቱ ሕዝብ ሁሉ ፏፏቴውን በመዳፉ ይዞ ነበር። ቡና ገዝቶበታል፣ ለለማኝ ሰጥቶታል። ኋላም ኖቱ በሳንቲም እስኪተካ ድረስ፣ ፏፏቴው ከስቶ በነበረባቸው ዓመታት እንኳ፣ በወረቀቱ ላይ እንደ ሞላ ይወርድ ነበር። ሥዕሉ ከሥጋው ረዝሞ ኖረ። ይህ በኖቱ ላይ የተፈረደ ፍርድ አይደለም፤ ገንዘብ ማስታወስ የሚችለውን ያህል አስታውሷል። ነገር ግን ሠዓሊው፣ ፎቶግራፍ አንሺውና ገጣሚው የመስከረምን ፏፏቴ ብቻ እየደጋገሙ፣ የመጋቢትን ደረቅ ዓለት ሳያሳዩ ከቀሩ፣ ከብሩስ የተሻለ አላደረጉም፤ የአንድ ወቅት ዓይናቸውን የዓመት ምስክር አድርገዋል። ደረቁን ዓለት መሣል ብርሃንን መቃወም አይደለም። የብርሃኑን ደረሰኝ ማሳየት ነው።

የመምህሩም ድርሻ ከዚህ አይርቅም። ስለ ዓባይ ሲያስተምር የፏፏቴውን ቁመትና የጣቢያውን ሜጋዋት በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ቢጽፍና ለተማሪዎቹ፣ ከሁለቱ አንዱን እንድትቀንሱ ብትገደዱ ከማን ጋር ትመካከራላችሁ ብሎ ቢጠይቅ፣ የሒሳብና የጂኦግራፊ ትምህርቱ ወደ ኅሊና ትምህርት ይለወጣል። ዕቅድ የሚያወጣውና ሕዝብ የሚያስተባብረው ሰው ደግሞ ከሪፖርቱ ላይ ከተገኘው ቀጥሎ የታጣውን የሚጽፍበት አንድ ረድፍ ቢጨምር፣ ሪፖርቱ ይረዝማል እንጂ አይበላሽም።

ወደ ገደሉ የሚወርደው እንግዳስ? ከእርሱ የሚፈለገው ደስታውን እንዲተው አይደለም። ይውረድ፤ በሱስንዮስ ዘመን ከሕንድ በመጡ ግንበኞች እንደ ተሠራ ሎቦ በጻፈለት የድንጋይ ድልድይ ላይ ይሻገር፤ ኩሬው በረጋበት ወቅት ቢመጣም እየተጠነቀቀ ይቀዝቀዝ። ነገር ግን ከውኃው ሲወጣ በዳር የተቀመጠውን ሰው፣ ይህ ውኃ በክረምት ከየት እስከ የት ይደርሳል፣ ድሮስ በበጋ እንዴት ነበር ብሎ ይጠይቀው። ያ ሰው ደንቆሮ አይደለም። በእጁ ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ያሳየዋል፤ በዚያ የእጅ ስፋት ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ሁሉ የብርሃን ዋጋ ነው።